ሐሪሳ፣ የሊባኖሷ እመቤት፦ ስድስት ዓመት ሊባኖስ ከኖረች የደሴ ልጅ

ሰሞኑን የሰፈራችን ልጅ ከቤይሩት ለእረፍት መጣች። ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሐሪሳን፣ የእመቤታችን ሐውልት የቆመችበትን ተራራ፣ ግን ስልክ ላይ ካልሆነ አላየቻትም። «ያለኝ አንድ እሑድ ነው፣ እሱንም ዳገት ስወጣ ልዋል? ለመሆኑ ምን አለ እዚያ?» አለችኝ። ደሴ እኛ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የኔ መልስ ከአቦል ተነስቶ በረካ ደረሰ። እማዬ «ይህን ለሌሎቹም ብትጽፊላቸው» አለች፣ ይኸው ጻፍኩት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ሂዱ። እሑዳችሁ አያስቆጫችሁም። ግን በምን እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትሄዱ፣ ምን እንደማትገዙ አውቃችሁ ሂዱ።

እኔ ሊባኖስ ስድስት ዓመት ነው የኖርኩት። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ከቤት አልወጣሁም። ማዳሜ እረፍት የሚባል ነገር አታውቅም፣ ፓስፖርቴም እሷ ጋ ነው። ቤቱ ከቤይሩት ሰሜን ጁኒየ ከተማ ነበር፣ ባሕሩ ዳር፣ አምስተኛ ፎቅ። ልብስ የማሰጣበት በረንዳ ግን ፊቱ ወደ ተራራው ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ትታያለች። ቀን ላይ ምን እንደሆነች አይለይም። ማታ መብራት ሲበራባት ነው ሴት መሆኗን ያየሁት፣ ሁለት እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ ቆማለች። ማዳሜን ጠየቅኳት። «ሰይደት ሉብናን» አለችኝ፣ የሊባኖስ እመቤት። እመቤት የምትለዋን ቃል ስሰማ ሌላውን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ለእሷ ነው የማወራው። አንሶላውን ገመዱ ላይ እዘረጋለሁ፣ ከላይ በኩል ቀና ስል እሷ አለች። እናቴ ታማ የነበረ ጊዜ፣ ደመወዝ አራት ወር የቀረብኝ ጊዜ፣ ሁሉንም እዚያ በረንዳ ላይ ነው የነገርኳት፣ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ ማዳሜ እንዳትሰማኝ። አንድ ቀን ስለት ተሳልኩ። እሑድ የሚባል ቀን ከሰጠሽኝ በባዶ እግሬ እመጣለሁ አልኳት። በሦስተኛው ዓመት ቤት ቀየርኩ፣ አዲሶቹ ሰዎች እሑዴን ሰጡኝ። የመጀመሪያዋ እሑድ ሐሪሳ ነው የሄድኩት።

አሁን ስለ መንገዱ። ደውራ የሚባለውን የቤይሩት ሰፈር የማያውቅ ሀበሻ የለም፣ እንጀራውም ፀጉር ቤቱም ብር መላኪያውም እዚያ ነው። ከደውራ ወደ ሰሜን የሚሄድ ቫን ያዙና ጁኒየ ውረዱ። ሐሪሳ ከቤይሩት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ቅርብ ናት። ጁኒየ ላይ «ቴሌፌሪክ» ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሠራ በገመድ የሚሄድ መኪና ነው፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትቀመጣላችሁ፣ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ በፎቆቹ መሀል ይወጣል። በሰዎች ኩሽና መስኮት አጠገብ ነው የሚያልፈው፣ ድስቱ ሁሉ ይታያል። ከዚያ ጥዱ ይጀምራል፣ ባሕሩ ከእግር በታች እየሰፋ ይሄዳል። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከላይ ስትደርሱ ደግሞ በሐዲድ የሚሳብ ሌላ ትንሽ መኪና የመጨረሻውን ዳገት ያወጣችኋል። ከፍታ የምትፈሩ ከሆነ አትገደዱ፣ በመኪናም መንገድ አለ፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ቁልቁለቱን ለለመደ የደሴ ሰው ምንም አይደል።

ታክሲ ከያዛችሁ ግን ከመግባታችሁ በፊት «ሰርቪስ ነው ታክሲ?» በሉ። ሰርቪስ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታችሁ ነው፣ ታክሲ ካለ ብቻችሁን ጭኖ ብቻችሁን ያስከፍላችኋል። እኔ መጀመሪያ ቀን ሳልጠይቅ ገብቼ፣ ላይ ስደርስ ሹፌሩ የሦስት ቀን ምሳዬን የሚያህል ብር ጠየቀኝ። ጫማዬን አውልቄ ስለት ላደርስ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ በዚያ ቀን መጨቃጨቅ አልፈለግሁም፣ ሰጠሁት። እናንተ ግን አትስጡ።

ስለ ሐውልቷ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነጭ መሆኗን ብቻ ነው። ድንጋይ የሚመስላት ብዙ ነው። ድንጋይ አይደለችም፣ ነሐስ ናት፣ ከላይ ነጭ ቀለም ተቀብታ ነው። ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ ነው የተሠራችው። ቁመቷ 8 ሜትር ተኩል፣ ክብደቷ 15 ቶን። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። እመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች የሚለውን ትምህርት የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 9ኛ በ1854 አውጀውት ነበርና፣ 50ኛ ዓመቱን ለማሰብ የማሮናውያኑ ፓትርያርክ ኤልያስ ሑወይክና የሮማው ተወካይ ካርሎስ ዱቫል መታሰቢያ ይቁም አሉ። ማሮናውያን ማለት ከሊባኖስ ካቶሊኮች ብዙዎቹ ናቸው፣ ስማቸው ከቅዱስ ማሮን ነው፣ ከሮማ ጋር አንድ ሆነው የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሐውልቷ ቆማ የተመረቀችው በ1908፣ በሜይ ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ፓትርያርኩም ያ እሑድ በየዓመቱ የሊባኖስ እመቤት በዓል ይሁን ብለው ወሰኑ። ይኸው እስከ ዛሬ ይከበራል።

ይህን ወር ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሐውልቷ የቆመችው 20 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የድንጋይ መሠረት ላይ ነው። መሠረቱ ከታች ሰፊ ነው፣ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፣ ደረጃው ውጭ ውጭውን እየዞረ ይወጣል። ከመቶ በላይ ደረጃ ነው። ከሥሩ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፣ ዝቅ ያለች፣ ሻማ ሻማ የምትሸት፣ መጀመሪያ እዚያ ግቡ። ከዚያ ውጡ። በበዓል ቀን ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚወጣው፣ ማንም ማንንም አይገፋም፣ ከፊትሽ ያለችው ሴት ቆም ብላ ስትጸልይ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። እኔ በባዶ እግሬ ነበርኩ፣ ግንቦት ሊገባ ሲል ነው፣ ድንጋዩ በፀሐይ ግሎ ያቃጥላል። ጥላ ያለበት በኩል ስደርስ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። እየዞርሽ ስለምትወጪ እግርሽ አንዴ ይቃጠላል፣ አንዴ ይበርዳል። ጫፍ ስደርስ ከልብሷ እጥፋት በታች ቆሜ ቀና አልኩ። ከበረንዳዬ አውራ ጣቴን የማታህል የነበረች ልጅ፣ ከሥሯ ሲቆሙ ፊቷ እንኳ አይታይም። ዘወር ስል ታች ጁኒየ ተዘርግታለች። የድሮ ማዳሜን ፎቅ ፈለግሁት። አገኘሁት። ልብስ ተሰጥቶበታል። ሌላ ልጅ ገብታለች ማለት ነው። አለቀስኩ። ለእሷም ጸለይኩላት፣ ስሟን ሳላውቀው።

ወደ ወሩ ልመለስ። በዓሉ የሜይ መጀመሪያ እሑድ ነው አልኳችሁ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይውላል፣ ልደታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ልደታ ግንቦት 1 ነው። አባቶቻችን ስለ ልደታ ምን እንደሚነግሩን ታውቃላችሁ፣ ኢያቄምና ሐና ከክፉ ሰው ሸሽተው ሊባኖስ ተራራ ሄዱ፣ እመቤታችንም እዚያ ደጅ ተወለደች። ንፍሮውን ደጅ አውጥተን የምንበላው፣ ቡናውን ደጅ የምናፈላው፣ እሳቱን የምናነደው ለዚያ ነው። መኃልየ መኃልይ ላይ «ከሊባኖስ ነዪ» የሚለውንም ለእሷ ነው የምንተረጉመው። እኔ ይህን ከልጅነቴ እየሰማሁ አደግሁ፣ ሊባኖስ ግን ለኔ የተረት አገር ነበር። ደላላው «ሊባኖስ ሥራ አለ» ሲለኝ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ሐሪሳ ጫፍ ላይ ቆሜ ነው የተገናኘልኝ። ወዲያው ለእማዬ ደወልኩላት፣ «እመቤታችን የተወለደችበት ተራራ ላይ ነኝ» አልኳት። እልል አለች። ስልኩ ውስጥ የጎረቤቶቹ እልልታ ተከተለ።

ሊባኖሶቹ ይህን ትውፊት አይነግሯችሁም፣ የእኛ ነው። የእነሱ ፍቅር በራሱ መንገድ ነው። ወሩን ሙሉ ይወጣሉ፣ ከታች ጀምሮ በእግሩ የሚመጣ አለ፣ በባዶ እግሩ የሚመጣ አለ፣ ልጅ ያጣች ልጅ ልትለምን፣ የወለደች ልጇን ይዛ ልታመሰግን። ስለት እንደኛው ነው። ጳጳሳቱም መጥተዋል፣ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በነዲክቶስ 16ኛ በ2012።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀኔ፣ ከፊቴ ደረጃውን የምትወጣው ሴት ሒጃብ ለብሳለች። እናቷን ደግፋ ነበር። እናትየዋ በየደረጃው «ያ ሲትና መርየም» ትላለች፣ እመቤታችን ማርያም ሆይ ማለት ነው። ሙስሊሞቹ ይመጣሉ፣ ብዙ ናቸው። በቁርኣን ውስጥ 19ኛው ሱራ በስሟ ነው የተጠራው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ማርች 25፣ ገብርኤል ያበሠራት ቀን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚያከብረው የአገሪቱ በዓል ሆኗል። አብረውኝ የሄዱ የአዲስ አበባ ልጆች ሲገርማቸው እኔን አልገረመኝም። ወሎ ላይ ይህ የቤት ነገር ነው። የእናቴ እናት ሙስሊም ነበረች። ለግሸን ማርያም፣ መስከረም 21፣ እናቴ ስትነሳ ስንቁን አብራ የምታሰናዳላት አያቴ ናት፣ «ለኔም ለምኚልኝ» ብላ ትሸኛታለች። እዚያ ደረጃ ላይ የአያቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ከሐውልቷ አጠገብ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ኮንክሪትና መስታወት፣ አዲስ አሠራር ነው። ከውጭ ሳየው ብዙ አልወደድኩትም፣ ልክ እንደ አዳራሽ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ሐውልቷ ትታያችኋለች፣ እዚያ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። ቅዳሴው ዐረብኛ ነው። መሀል ላይ ግን በጥንቱ የሱርስት ቋንቋ የሚሉት አለ። «ቃዲሻት አሎሆ፣ ቃዲሻት ሐየልቶኖ፣ ቃዲሻት ሎ ሞዩቶ።» ቀስ ብላችሁ አድምጡት። ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ዘኢይመውት ነው! ኃያል ያው ኃያል ነው፣ ይመውት ያው ሞት ነው። ዐረብኛው ሳይገባኝ ይህ ገባኝ። አንድ ነገር ግን፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ለመቁረብ ሲሰለፉ አብራችሁ አትሰለፉ፣ ቁጭ ብላችሁ ጸልዩ። ማንም ምንም አይላችሁም።

ያልወደድኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። በዓሉ ቀን ወከባ ነው፣ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ከሚጸልየው ይበልጣል። ጸሎት የፈለገ ሰው ተራ እሑድ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይገኝ። ሌላው የሚያመኝ ነገር ነው። አንዴ ሻማ ይዤ ቆሜ ሳለ አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ የልጇን ጋሪ እጄ ላይ አስያዘችኝና ወደ ላይ ወጣች። ጥቁር ሴት ስታይ ሠራተኛ ነው የታያት። ግማሽ ሰዓት የሰው ልጅ ይዤ ቆምኩ፣ ሕፃን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ስትመለስ «ሹክራን» እንኳ አላለችም። ይህ ይደርስባችኋል። በሚቀጥለው ጊዜ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ፣ ሙሉ የአገር ልብስ። ያን ቀን ማንም ምንም አላስያዘኝም፣ አንዲት ሽማግሌ እንዲያውም እጄን ይዛ «ከኢትዮጵያ ነሽ? ለኛም ጸልዪልን» አለችኝ። ነጠላችሁን ልበሱ።

አሁን ወደ ግዢው። በአካባቢው መቁጠሪያ፣ ሜዳልያ፣ ሻማ፣ ትንንሽ ሐውልት የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል። ልመለስ ስል ለእናቴ የክንድ ያህል ሐውልት ገዛሁ፣ 25 ዶላር። ሻጩ «ድንጋይ ናት» ብሎኛል። ሦስት ፎጣና አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልዬባት ሻንጣ መሀል አስገባኋት። ደሴ ደርሼ ስከፍተው የቀኝ እጇ ጣቶች ተሰብረዋል፣ የተሰበረው ቦታ ዱቄት ይራገፋል። ጄሶ ናት! ልክ የኛ ቤት ኮርኒስ የተሠራበት ጄሶ። ሰውየው ጄሶ ነው ብሎኝ ቢሆን እኔም እንደ ጄሶ እይዛት ነበር። ስለዚህ ስትገዙ ገልብጣችሁ ሥሯን እዩ፣ ቀለም ያልነካው ቦታ አለ፣ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ዱቄት ካወጣ ጄሶ ነው። ይልቅ የመዳፍ ያህል የብረቷን ግዙ፣ ዋጋዋም ያነሰ ነው፣ አትሰበርም። መቁጠሪያው ጥሩ ነው፣ የእንጨቱን ውሰዱ።

ሐውልቷ ቤት ከገባች በኋላ የት ትቀመጥ የሚል ጥያቄ መጣ። እኛ ሥዕል ነው የለመድነው፣ ቅርጽ አልለመድንም። እማዬ ምስለ ፍቅር ወልዳ ያለበት ግድግዳ አጠገብ ልታስቀምጣት አልደፈረችም፣ ወደ ጓዳም ልትከታት አልሆነላትም፣ ሁለት ቀን አልጋዋ ላይ ነበረች። የነፍስ አባታችን መጡ። አገላብጠው አዩዋትና «ለጸሎት ሥዕሏ አለሽ፣ ይህችን ልጅሽ በባዕድ አገር የለመነችባት መታሰቢያ አድርገሽ ቡፌው ላይ አስቀምጪያት» አሉ። ደስ አለኝ። ደግሞ ሲወጡ «ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን ቅዱሳን አይተሻል? አባቶቻችንም ድንጋይ ቀርጸዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ ናቸው፣ ከዚያው ከግድግዳው ተፈልፍለው የወጡ።

ጣቶቿን ማጣበቂያ ገዝቼ ሦስቱን አጣበቅኋቸው። አውራ ጣቷ ግን ተፈጭቶ ነበር፣ አልተገኘም። ጎረቤታችን እትዬ፣ ሙስሊም ናቸው፣ ከእማዬ ጋር አርባ ዓመት ቡና ጠጥተዋል፣ ባለፈው ልደታ ማታ ረከቦታቸውን ተሸክመው መጡ። ንፍሮው ደጅ ወጥቷል፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ሐውልቷን ቡፌው ላይ አዩዋትና ወደ ደጅ አውጧት አሉ። «ልደቷ አይደል? እሷ ውስጥ ተቀምጣ እኛ ደጅ እንበላለን?» አሉ። እማዬ በነጠላዋ አቅፋ አወጣቻት። እሳቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥናት፣ የእሳቱ ብርሃን ነጩን ቀለም ቢጫ አደረገው። እትዬ የጎደለውን ጣት በእጃቸው ዳሰሱት። «መርየም፣ ምነው ልጃችንን ስትጠብቂ ነው የተሰበርሽው?» አሏት።

እንግዲህ ከቤይሩት የመጣችው የሰፈራችን ልጅ አሁን እሑዷን ሐሪሳ ልትሄድበት ወስናለች። በሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳለች። እማዬ አምስት ጧፍ ሰጥታታለች፣ አንዱ ለእትዬ ነው፣ ስማቸውን ጠርታ እንድታበራላቸው። ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር አትክተቺው አልኳት፣ ሙቀት ሲነካው ጎብጦ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በጋዜጣ ለየብቻው ጠቅልያለሁ፣ በእጅ ቦርሳዋ ነው የምትይዘው።